ቃለ ጉባኤ

ጸሐፊ ነኝ፤ የሰው ንግግር በመስመር የማሰፍር፣
ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ እጅ የምቆጥር።
ሳል አይመዘገብም፤ ዝምታ ተራ ቁጥር የለውም፤
ሰው አንገቱን ሲደፋ፣ "ተወያይተንበታል" እንጂ ሌላ አይጻፍም።

ካርቨርስ ፎርክ፣ ዌስት ቨርጂንያ፤ ማክሰኞ፤ ማታ፤
ከእሳት አደጋ መኪናው ጎን፣ ናፍጣ በሚሸተው ቦታ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከጣሪያው ሥር ሃያ ሰው፤
ተራ ቁጥር አራት ላይ ደረስን፦ ሃያ ሁለት ሺህ ዶላር ነው፣
ዕፁ ከልኩ አልፎበት ትንፋሹ የቆመን
ለመመለስ፣ ፖሊሱን፣ ጎረቤቱን፣ ሁላችንን ሊያሠለጥን።

ቨርሊን ተነሣ፤ ሠላሳ ዓመት ያለ ደመወዝ እሳት ያጠፋ፤
ቆቡን በሁለት እጁ ጨመደደ፤ ቃል ጠፋ።
"በመጋቢት ብቻ" አለ፣ "ስድስት ጊዜ ተጠራን፤
አምቡላንሱ ከተራራው ማዶ ነው፤ አርባ ደቂቃ ነው የሚርቀን፤
ያለ አየር ግን ጭንቅላት አራት ደቂቃ ነው የሚታገሠን።"

ሆባርት እጁን አወጣ። የብረታ ብረት ሱቅ አለው፤ ቃሉ ይደመጣል።
"አንዱን ሰው ስንቴ ነው የምናስነሣው? ዛሬ ይነሣል፣ ነገ ይወድቃል።
ድልድያችን ተቦርቡሯል፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤
በገዛ እጁ ለሚሞት ሰው የእኛ ኪስ ለምን ይራቆታል?"
ይህን ጻፍኩት። ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ሥራዬ ነው መቼም።
ብዕሬ ለአፍታ ቆማ ነበር፤ የብዕር መቆም አይመዘገብም።

ድሪማ ከኋላ ናት፤ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌሯ፤
እጅ ሳታወጣ ተናገረች፤ ገነፈለ ምሬቷ።
"ቨርሊን እሳት ሲጠራው፣ 'ይህ ቤት ስንቴ ተቃጠለ?' ይላል?
ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ተኛን፤ አሁን ነደደ፤ ዝም ይባላል?
ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ወደ አውቶቡሴ የሚያደርሳቸው
አያት ብቻ ነው። እናት የት ሄደች? እናንተው ጠይቋቸው።"

አራት ለሦስት። አለፈ። ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁ።
ቅዳሜ፣ ለሥልጠናው ወንበር ልደረድር መጣሁ።

ፓስተሩ፣ ፀጉር ቆራጯ፣ የነዳጅ ማደያው ልጅ፤
ወለሉ ላይ እግር የሌለው የፕላስቲክ ሰው፣ አፉ ክፍት፣ ያለ ወዳጅ።
ኦፓል ናት አሠልጣኟ፤ ጡረተኛ ነርስ፤ ቃሏ አጭር፦
"ጥሩት። ነቅንቁት። ደውሉ። ቆማችሁ አትዩት እንደ ትርኢት ነገር።
ናሎክሶኑን አፍንጫው ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው ተጫኑት፤
አገጩን ቀና፣ እስትንፋስ ስጡት፤ ከዚያ በጎኑ አስተኙት።
ሲነቃ ሊቆጣ ይችላል። እናንተ አትቆጡት።
ደግሞ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የሚያጓራ ትንፋሽ ከሰማችሁ፣
ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አይደለም፤ ተኝቷል ብላችሁ
እንዳታልፉ።"

እኔ አልፌያለሁ።

ወንድሜ ዌልደን ከጎን ክፍል ያንኮራፋ ነበር የዚያን ማታ፤
"ተመስገን፣ ዛሬስ ተኛ" ብዬ በሩን ዘጋሁ በቀስታ፤
ቴሌቪዥኑንም ቀነስኩለት።

ተንበረከክሁ። የፕላስቲኩ አፍ አልኮል አልኮል ይላል።
ተነፈስኩበት። ደረቱ ከፍ አለ። ለካ ይህን ያህል ይቀልላል።
ኦፓል ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ድገሚ" አለች፤ ደገምኩ።
ስንቴ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ፣ ቆጣሪዋ፣ ቁጥሩን ሳትኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ሊያበቃ ሲል፣ በሩ ሲጥ አለ፤
ሆባርት ነው። ከኋላ ተቀመጠ፤ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ፕላስቲኩን ሰውዬ ብቻ አስተዋለ።
ስንበተን ከሣጥኑ አጠገብ ቆመ። ለአንድ ሰው አንድ ነው የሚሰጠው።
ሁለት አነሣ። ኦፓል አየችው፤ ለማን ነው ብሎ ማንም አልጠየቀው።
ወጣ። መኪናውን አስነሥቶ ግን አልሄደም፤ መብራቱ በመስኮት ይታያል።
መዝገቤ "የተገኘ ሰው አሥራ ዘጠኝ፤ የታደለ መድኃኒት ሃያ" ይላል።